ማስታወቂያን ከታች ወደ ላይ ማንበብ፦ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርት ዕድሎች ንጽጽር

በመስከረም መጨረሻ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ያለፈ ሰው የማስታወቂያ ሰሌዳው ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ወረቀት በወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ ያለፈው ዓመት የፒኤችዲ ጥሪ በዘንድሮው የዲፌንስ (የመመረቂያ ጥናት ማቅረቢያ) መርሐ ግብር ግማሽ ፊቱ ተሸፍኖ፣ በመካከላቸው ማኅተሙ የደበዘዘ የነጻ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ተጋድሞ ይታያል። ተማሪው ይመጣል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። ተማሪ በማማከር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ደጋግሜ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር በፎቶው ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ የወረቀቱ የላይኛው ክፍል መሆኑን ነው፤ ርዕሱ፣ የአገሩ ስም፣ የወር አበሉ። ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ክፍል ሰሌዳው ላይ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወይም በቅርቡ የጨረሰ ሰው በየዓመቱ ከሚያገኛቸው ዋና ዋና ዕድሎች መካከል እንዴት እንደሚመርጥ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። የማወዳደሪያ መስፈርቴ የገንዘቡ መጠን አይደለም። እያንዳንዱ ማስታወቂያ ሁለት ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ይይዛል፤ አንዱ አመልካቹን ገና ከመነሻው የሚጥለው ሲሆን ሌላው ካለፈ በኋላ የሚያስረው ነው። የሚጥለውን ሳያነብ ያመለከተ ሰው ሁለት ወር ያባክናል፤ የሚያስረውን ሳያነብ የፈረመ ሰው ግን ዓመታት ሊያባክን ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ይገባል፤ አበሉ በመጨረሻ ይነበባል።

አገር ውስጥ መቆየት

ብዙ ተማሪ አገር ውስጥ መቆየትን እንደ ምርጫ አይቆጥረውም፤ ሌላው ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር የሚገባበት አድርጎ ነው የሚያስበው። ይህ ስሕተት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በአገር ውስጥ ያሉት መንገዶች እርስ በእርሳቸው በእጅጉ የተለያዩ ናቸው። በመሥሪያ ቤት ስፖንሰርነት መማርና ከኪስ ከፍሎ መማር አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ያስቀምጡ ይሆናል፤ ሲወጡ ግን ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ነጻነት የላቸውም።

በስፖንሰር የሚማር ሰው፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆነና የትምህርት ፈቃድ ከወሰደ፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ ይማራል። ሆኖም ውል ይፈርማል፤ ዋስ ያቀርባል፤ ሲጨርስም በተቋሙ ደንብ መሠረት ለተማረባቸው ዓመታት ተመጣጣኝ ጊዜ ተመልሶ ያገለግላል። ውሉን ቢያፈርስ ዕዳው ወደ ዋሱ ይሄዳል። ዋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባንክ አይደለም፤ አጎት ወይም የልጅነት ጓደኛ ነው። ከማስታወቂያው በታች «በውሉ መሠረት» ተብላ የምትገባው አጭር ሐረግ ይህን ሁሉ አቅፋ ይዛለች። ስለዚህ ስፖንሰርነት የሚሻለው ወደ ሥራው መመለስ ለሚፈልግ ሰው ነው። በልቡ ሌላ አገር እያሰበ የሚፈርም ሰው የሌላ ሰውን ደመወዝ መያዣ ማድረጉን ሊያስብበት ይገባል።

በግል ከፋይነት፣ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የሚማረው ሰው በአንጻሩ ማንም አያስረውም። ነገር ግን ክፍያውን ከደመወዙ ላይ ይቀንሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜ ያጥረዋል። ኮርሱን በወቅቱ ጨርሶ ቴሲሱ (የመመረቂያ ጥናቱ) ላይ ዓመት ከዓመት የሚንከባለለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ነው፤ ይህም የሚሆነው በስንፍና ሳይሆን ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ስለሚውል መረጃ መሰብሰቢያ ቀን ስለማያገኝ ነው። በግል ለመማር የወሰነ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ከሚሠራበት ቦታ መረጃ ሊያገኝበት የሚችል የምርምር ርዕስ ቢያስብ ግማሹን ችግር ያቃልላል።

ሦስተኛው የአገር ውስጥ መንገድ ብዙም የማይወራለት ሲሆን በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የተሻለ ነው። እሱም በፕሮጀክት ወይም በልህቀት ማዕከል ሥር መማር ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ ከተቋቋሙት የአፍሪካ የልህቀት ማዕከላት መካከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በውሃ አስተዳደርና በመድኃኒት ምርምር ላይ የሚሠሩት፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በአየር ንብረት ተስማሚ ግብርናና በብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ላይ የተመሠረተው ይገኙበታል። ከዚህም ሌላ በቤልጅየም የፍሌሚሽ ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 እ.ኤ.አ.፣ አርባ ምንጭና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የረጅም ጊዜ የትብብር ፕሮግራሞች ከፍተዋል። እንዲህ ባሉ ፕሮግራሞች የሚማር የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ «ሳንድዊች» በሚባለው መንገድ ያልፋል፤ ጥቂት ወራት ውጭ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራል፣ ተመልሶ መስክ ይወጣል፣ እንደገና ይሄዳል። አማካሪው ሁለት ነው፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ።

የዚህ መንገድ ጉዳቱ ርዕሱ የተማሪው አለመሆኑ ነው። ፕሮጀክቱ የጣና ሐይቅን ደለል የሚያጠና ከሆነ ተማሪውም ደለል ያጠናል፤ ስለ መስኖ ማኅበራት ያለው ፍቅር ለሌላ ጊዜ ይቆያል። ጥቅሙ ደግሞ መሣሪያውና የመስክ ወጪው ገና ከመጀመሪያው መታሰቡ ነው፤ በግሉ የሚማር የፒኤችዲ ተማሪ አንድ የናሙና ትንተና ለማሠራት ስንት ቢሮ እንደሚያንኳኳ ያየ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል። እነዚህ ጥሪዎች ሰፊ ማስታወቂያ ሳይወጣላቸው በትምህርት ክፍል ደብዳቤ ብቻ የሚያልፉበት ጊዜ ስላለ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ መጠየቅ ነውር የለበትም።

አካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች አንድ ነገር ለብቻው መጠቀስ አለበት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የጀመረው ፕሮግራም በዋናነት ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የታሰበ ነው። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ቁጥር ከሚገባው በታች ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጎረቤት አገር

የኬንያዋን ናይሮቢን ወይም የናይጄሪያዋን ኢባዳንን አስቦ የሚያመለክት ተማሪ ጥቂት ነው፤ ሁሉም አሻግሮ አውሮፓን ያያል። የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ በተለምዶ ዳድ የሚባለው፣ ከሰሐራ በታች ላሉ አገሮች ያዘጋጀው የአገር ውስጥና የአካባቢ አገሮች የትምህርት ዕድል አመልካቹ በራሱ አገር ወይም በአፍሪካ ሌላ አገር በተመረጡ ተቋማት እንዲማር ይከፍላል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ እስከ ሁለት ዓመት፣ ለሦስተኛ ዲግሪ እስከ ሦስት ዓመት። የሚጥለው ቅድመ ሁኔታ ከሌሎቹ ይለያል፤ የመጨረሻው ዲግሪ ከተገኘ ስድስት ዓመት ያለፈው ሰው አይታሰብም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ተመርቆ ሰባት ዓመት በወረዳ ያገለገለ ጎበዝ ባለሙያ ልምዱ የሚያስመርጠው ይመስለዋል፤ ልምዱን ያካበተበት ጊዜ ራሱ ግን ከውድድሩ ያወጣዋል። ጀርመን ሄዶ በልማት ነክ ትምህርቶች ማስተርስ ለመማር የሚሰጠው ሌላው የዳድ ዕድል ደግሞ ይህንኑ የስድስት ዓመት ገደብ ጠብቆ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጨምርበታል። ስለዚህ ጀርመን የሚያስኬደው የዳድ በር የሚከፈተው ከተመረቁ በኋላ በሁለተኛውና በስድስተኛው ዓመት መካከል ነው ብሎ መያዝ ይቻላል።

የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በካሜሩንና በአልጄሪያ ተቋማት ያሉት ሲሆን የተመረጡትን ሙሉ በሙሉ ያስተምራል። ካሜሩን ያውንዴ ለሚገኘው የአስተዳደርና የማኅበራዊ ሳይንስ ተቋም ለማመልከት ያሰበ ሰው ከተማው በዋናነት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ መሆኑን አስቀድሞ ያስብበት። በዚህ ዕድል የዕድሜ ገደቡ ለሴቶች ሰፋ ያለ መሆኑ መልካም ነገር ነው።

ሦስቱ ታላላቅ ስሞች

አሁን ሁሉም ወደሚጠይቀው ጥያቄ እንምጣ፤ ቺቭኒንግ፣ ኢራስመስ ሙንደስ ወይስ ፉልብራይት? ተማሪዎች ሲጠይቁኝ «የቱ ይበልጣል?» ይላሉ። እኔ ደግሞ «ከጨረስህ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት የት መሆን ትፈልጋለህ?» ብዬ እመልሳለሁ፤ ሦስቱን የሚለያቸው በዋናነት ይህ ነውና።

ቺቭኒንግ የእንግሊዝ መንግሥት ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው የአንድ ዓመት የማስተርስ ዕድል ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ አይከፍልም። ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ይህንንም በ2,800 ሰዓት ይተምነዋል። ይህ አሃዝ ከሚያስፈራው ይልቅ የሚረዳው ሰው ይበዛል፤ በጎ ፈቃድና የተለማማጅነት ሥራ ጭምር ስለሚቆጠሩ በጤና ጣቢያ በነጻ ያገለገለች፣ በምርምር ፕሮጀክት መረጃ የሰበሰበች፣ ከዚያም በረዳት መምህርነት የተቀጠረች ወጣት ሰዓቶቿን ደምራ ልትሞላው ትችላለች። አመልካቹ ሦስት ኮርሶችን ይመርጣል፤ ስለ መሪነቱ፣ ስለሚፈጥራቸው የሥራ ግንኙነቶች፣ ስለ ትምህርት ምርጫውና ስለ ወደፊት ዕቅዱ ይጽፋል። እዚህ ላይ የሀበሻ ትሕትና ይጎዳል። «ቡድኑ ይህን ሠራ» ብሎ የሚጽፍ አመልካች አንባቢው የእሱን ድርሻ እንዲገምት ይተወዋል፤ አንባቢው ግን አይገምትም። በአንድ የቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ውስጥ ቁልፉ በማን እጅ እንዲቀመጥ ተከራክሮ ያሳመነ ሰው ያንን በቀጥታ ቢጽፍ፣ ስለ «ለውጥ አምጪ አመራር» ከሚተርክ አንድ ገጽ ይሻለዋል። የሚያስረው ሁኔታ ግልጽ ነው፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው።

ኢራስመስ ሙንደስ የአውሮፓ ኅብረት የጋራ የማስተርስ ፕሮግራም ሲሆን ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች ይማራል። በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይከፈላል፤ የትምህርት ክፍያም አይጠየቅም። የመመለስ ግዴታ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም። የሥራ ልምድም እንደ ቺቭኒንግ የበር መዝጊያ አይደለም፤ የመጀመሪያ ዲግሪውን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ሰው በዚያው ዓመት ሊያመለክት ይችላል። ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ያለው ችግር ከወር አበሉ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ነው። የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ቪዛውና የመቋቋሚያ ወጪው ከዚያው 1,400 ዩሮ የሚሸፈን ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከመግባቱ በፊት አመልካቹ ከኪሱ ወይም ከቤተሰብ ማውጣቱ አይቀርም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ደግሞ ይህ ወጪ በብር ሲሰላ ክብደቱ ሌላ ሆኗል። ሁለተኛ ነገር፣ የተመረጠው አገር ቪዛ የሚሰጥ ቆንስላ አዲስ አበባ ከሌለው ወደ ሌላ አገር ሄዶ ማመልከት ሊያስፈልግ ይችላል፤ አገር በተቀየረ ቁጥር ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ወረፋ አለ። ነገሩን በትዕግሥት የሚይዝ፣ ቤተሰቡን ጥሎ ለመንቀሳቀስ የሚችል ሰው ይስማማዋል። የሁለት ልጆች እናት የሆነች አመልካች ግን አገር መቀያየሩን አስባበት ብትወስን ይሻላል።

ፉልብራይት ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከታች የተጻፈው ግን የቪዛው ዓይነት ነው። ተማሪው በጄ-ዋን ቪዛ ይሄዳል፤ ከዚህም ጋር የሁለት ዓመት የአገር ቤት ቆይታ ግዴታ ይመጣል። ይህ ማለት ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ ሳይቆይ ለአሜሪካ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ወይም ለተወሰኑ የሥራ ቪዛዎች ብቁ አይሆንም ማለት ነው። ግዴታው በሌላ አገር በመቆየት አይሟላም፤ ወደ ካናዳ ወይም ወደ ጀርመን መሻገር ሰዓቱን አያስቆጥርም። ዘመድ አሜሪካ ያለውና «እዚያው እቀራለሁ» ብሎ የሚያስብ ሰው ለዚህ ፕሮግራም ማመልከቱ ራሱን መጉዳት ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ለማስተማር ለቆረጠ ሰው ግን ግዴታው ጨርሶ ሸክም አይሆንም፤ ከስፖንሰር ውሉ ጋርም ይገጥማል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይልቅ መጤን አለበት። የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነ አመልካች ሁለት ውሎች ይኖሩታል፤ አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር፣ ሌላው ከለጋሹ ጋር። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ሲጎትቱ፣ ማለትም ሁለቱም «ተመለስ» ሲሉ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ችግር የሚፈጠረው አንደኛው ነጻ አድርጎ ሌላኛው ሲያስር ነው። ኢራስመስ ሙንደስ ስላላሰረው ነጻ ነኝ ብሎ የሚያስብ መምህር እዚህ የፈረመውን የትምህርት ፈቃድ ውል ረስቷል፤ ዋሱ ግን አልረሳውም።

ቡዳፔስት፣ ቤጂንግና ቶኪዮ

እነዚህን ባጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ጥሩ ስላልሆኑ ሳይሆን ሁኔታቸው ቀጥተኛ ስለሆነ ነው። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የትምህርት ክፍያን ያስቀራል፤ ለማስተርስ ተማሪ በወር 43,700 ፎሪንት ይሰጣል፤ መኝታ ላላገኘ ደግሞ 40,000 ፎሪንት ለኪራይ ይደግፋል። የመጀመሪያው ገንዘብ ወደ ዩሮ ሲለወጥ ከ110 ብዙም አይርቅም፤ ቡዳፔስት ውስጥ በዚህ ብቻ አይኖርም። ስለዚህ ይህን ዕድል የሚወስድ የማስተርስ ተማሪ የትርፍ ሰዓት ሥራ ወይም የቤተሰብ ድጋፍ ማሰብ አለበት። ለሦስተኛ ዲግሪ ግን ሂሳቡ ይለወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 140,000፣ ከዚያ በኋላ 180,000 ፎሪንት ይከፈላል። በዚህ ምክንያት ሃንጋሪን ለፒኤችዲ እመክራለሁ፤ ለማስተርስ ግን አመነታለሁ። አመልካቹ በላኪው አገር በኩል መታጨት እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም፤ በኢንተርኔት የሞላው ቅጽ ብቻውን አያስገባም።

የቻይና መንግሥት ዕድል ለማስተርስ በወር 3,000፣ ለፒኤችዲ 3,500 ዩዋን ይሰጣል፤ የዕድሜ ጣሪያው 35 እና 40 ዓመት ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር የማስተማሪያ ቋንቋው ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ፕሮግራም ሳያረጋግጥ የፈረመ ተማሪ አንድ ዓመት ቻይንኛ እየተማረ ያገኘዋል፤ ይህም ለአንዳንዱ በረከት፣ ለአንዳንዱ መዘግየት ነው። የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው ሜክስት የተባለው ዕድል ከ35 ዓመት በታች ለሆኑ ክፍት ሲሆን የወር አበሉ ከ143,000 እስከ 145,000 የን ነው። በኤምባሲ በኩል ለሚያመለክት ሰው ጥንካሬው የምርምር ዕቅዱ ላይ ነው። የመረጠው የጃፓን ፕሮፌሰር ምን እንደሚሠራ ጽሑፎቹን ሳያነብ ዕቅድ የሚጽፍ ሰው ብዙ ርቀት አይሄድም።

ሰነድና ሰዓት

ምርጫው ትክክል ሆኖ ሳለ አመልካቹን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ግዴታ አለበት፤ ሥርዓቱ በ1996 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተጀመረ ነው። ይህ ዕዳ ሳይዘጋ ሬጅስትራር ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (ይፋዊ የውጤት መግለጫ) አይለቅም፤ በእጅ ያለው ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምረቃ ምስክር ወረቀት) ብቻ ይሆናል። አንዳንድ ለጋሾች ለማመልከቻ ቴምፖራሪና የተማሪ ኮፒ ይቀበላሉ፤ ለመጨረሻ ምዝገባ ግን ዋናውን በማኅተም በታሸገ ፖስታ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ዕዳውን ከደመወዝ ከመክፈልና አንድ ጊዜ ከመዝጋት መካከል የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው ማመልከቻው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መልካም ዜናው ከደረሰ በኋላ ከሆነ ረፍዷል።

የስም ጉዳይም አለ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ለአጭር ሥልጠና ስመረጥ በፓስፖርቴ ላይ የአባቴ ስም በላቲን ፊደል በሁለት «ኤስ» ተጽፎ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን በአንድ «ኤስ» ተጽፎ ተገኘ። ለማስተካከል የሄድኩበት ቢሮ «ፓስፖርቱን አስተካክል» አለኝ፤ ፓስፖርቱን የሚያስተካክለው ቢሮ ደግሞ «ትራንስክሪፕቱን አስተካክል» አለኝ። በአንዲት ፊደል ምክንያት ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ሥልጠናውም ያለ እኔ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለሚያማክረኝ ተማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ትእዛዜ አንድ ነው፤ ፓስፖርቱን፣ ቴምፖራሪውንና የፋይዳ መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ስሙን ፊደል በፊደል እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ።

የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፉ መምህራንን በተመለከተ፣ ከመዝጊያው ቀን ሦስት ሳምንት ቀድሞ መጠየቅ፣ ከጥያቄውም ጋር ሲቪውንና የማስታወቂያውን ሙሉ ጽሑፍ መላክ ይገባል። «ዶክተር፣ ነገ ያልቃል፣ ይቅርታ» የሚል መልእክት በማታ የደረሰው መምህር የሚጽፈው ደብዳቤ ከስሙ በቀር ለማንም ተማሪ የሚሆን ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናን በተመለከተ ደግሞ አይኤልትስም ሆነ ቶፍል የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ምን እንደሚያመለክት ያልወሰነ ሰው ቸኩሎ ባይፈተን ይሻለዋል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚያረጋግጥ የሬጅስትራር ደብዳቤ ይበቃቸዋል።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወሩ ማስታወቂያዎችን በተመለከተ አንድ መለያ አለኝ፤ ለማመልከቻ ማስገቢያ ብር በግለሰብ ሒሳብ የሚጠይቅ ሁሉ ሐሰተኛ ነው። የለጋሹን ዋና ድረ ገጽ ወይም የኤምባሲውን ገጽ ራስ ፈልጎ መክፈት ያስፈልጋል፤ በቴሌግራም የመጣውን ማስፈንጠሪያ መጫን አያስፈልግም።

ሰዓቱ የመጨረሻው ወጥመድ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የሃንጋሪው የተለመደ መዝጊያ ጃንዋሪ 15 በእኛ ጥር 7 መሆኑን ግን ገናን ሲያከብር የሚዘናጋው ተማሪ ብዙ ነው። ቺቭኒንግ ከነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ገደማ ይከፈታል፤ አብዛኞቹ የኢራስመስ ሙንደስ ፕሮግራሞች ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይዘጋሉ፤ የጃፓን ኤምባሲ ጥሪ በአመዛኙ ከፋሲካ ወዲህ ይወጣል። ቀኑን ያወቀ ደግሞ ሰዓቱን ይሳሳታል። በግሪንዊች አቆጣጠር 12:00 ላይ ይዘጋል የተባለ ማመልከቻ አዲስ አበባ ላይ የሚዘጋው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ወረቀቱን አይቶ «እስከ 12 ሰዓት ጊዜ አለኝ» ብሎ ከሰዓት በኋላ ረጋ ብሎ የተቀመጠ ተማሪ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ገጹን ይከፍተዋል።

ለማን የቱ?

ከዚህ በላይ የተባለውን በሦስት ሰዎች ላይ ላሳይ። የመጀመሪያው ባለፈው ሰኔ በጥሩ ውጤት የተመረቀ፣ ገና ሥራ ያልያዘ፣ ያላገባ ወጣት ነው። ቺቭኒንግና የጀርመኑ የልማት ነክ ማስተርስ በሥራ ልምድ ምክንያት አይመለከቱትም፤ ለእሱ ኢራስመስ ሙንደስን አንደኛ፣ የቻይናን ሁለተኛ አደርጋለሁ፤ የሃንጋሪን ቤተሰቡ ሊደግፈው ከቻለ ብቻ እጨምራለሁ። እስከዚያው ግን በትምህርት ክፍሉ ውስጥ በማንኛውም ፕሮጀክት መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ እንዲገባ እነግረዋለሁ፤ የቺቭኒንግን ሰዓት ከወዲሁ መቁጠር ይጀምራልና።

ሁለተኛዋ አምስት ዓመት በክልል ጤና ቢሮ የሠራች፣ ወደ ቢሮዋ መመለስ የምትፈልግ ባለሙያ ናት። ለእሷ ጊዜው እየጠበበ ነው፤ የዳድ የስድስት ዓመት በር ሊዘጋ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶታል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ዳድን ታስቀድማለች፤ ቺቭኒንግን በዚያው መኸር ጎን ለጎን ታመለክታለች፤ ካልሆነላት ቺቭኒንግ በሚቀጥለው ዓመትም ይጠብቃታል፣ ዳድ ግን አይጠብቃትም። ሦስተኛው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ሁለት ልጆች ያሉት፣ የትምህርት ፈቃድ ውሉ ላይ አጎቱ ዋስ ሆነው የፈረሙለት የማስተርስ ባለቤት ነው። ለእሱ የሳንድዊች ፒኤችዲ ከሁሉም ይበልጣል፤ ርዕሱ ሙሉ በሙሉ የራሱ ባይሆንም። እንዲህ ብዬ ነግሬው «ደለል ማጥናት ግን አልፈልግም» ካለኝ የስፖንሰር ውሉን አውጥቶ የመጨረሻውን ገጽ አብረን እንድናነብ እጠይቀዋለሁ፤ የአጎቱ ፊርማ ያለው እዚያ ነው።